ሥጋት ሳንሆንብዎት ስለቀረን ይቅርታ

ለተከበሩ አቶ ወንዳወቅ ዓለምብርሃን
የክልል ምክር ቤት ተወካያችን
ባሉበት (የት እንዳሉ ስለማናውቅ)

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ያቺ ነጭ መኪናዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አለኝ። እኛ የዋንዛ ሜዳ ሰዎች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። የትም አንሄድም፣ መሄጃም የለን።

ስሜ ሀይሉ ገነነ ይባላል። የዕድራችን ጸሐፊና የአራት ልጆች አባት ነኝ፤ ትምህርቴም እስከ ዐሥረኛ ክፍል ነው። ነገርን በቁጥር ካልደረደርኩት ስለማይረጋልኝ ይህንንም በቁጥር አቀርባለሁና ይታገሱኝ።

1ኛ. ስለ ውጤቱ። ባለፈው ሰኔ፣ በምርጫው ማግስት፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በእጄ ገልብጬዋለሁ። በእኛ ጣቢያ ድምፅ የሰጠው ሰው 1,318፣ እርስዎን የመረጠው 1,291 ነው። የቀሩት ሃያ ሰባትም ተቃዋሚ እንዳይመስሉዎት፤ ምልክቱን ሁለት ቦታ ያደረጉ ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንዱም አጎቴ ናቸው። ከጥቁር ውኃ ወንዝ ማዶ ያለው ሾላ በር ግን ሌላ የምርጫ ክልል ነው። እዚያ የተወዳደሩት የፓርቲዎ ሰው በምርጫ ክልሉ በሙሉ ተደምሮ ያለፉት በዐሥራ ዘጠኝ ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት እኛ አዘንንላቸው። «ምስኪን፣ በማን ፊት ይቆማሉ» አልን።

2ኛ. ስለ ጥፋታችን። እንዲያ ሞልቶ የተሰጠዎት ማንም አስገድዶን አይደለም። ጥፋቱ የዕድሩ ነው፣ ከዕድሩም የእኔ ነው። በሕጋችን ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ቢሆነኝ ደግሞ «ድምፃችን ከተበተነ ማንም አይሰማንም፣ አንድ ላይ ከሰጠን ግን ውለታ ይሆናል፣ ድልድዩም ይሠራል» ስላሉ፣ ለምርጫውም እንደ ቀብር ስም እንዲጠራ ተወሰነ። መዝገቡን ታቅፌ ከንጋት ጀምሮ ሰልፉ ዳር ቆሜ ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። ከመዝገቡ የቀረችው ምጥ የያዛት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷንም በይቅርታ አለፍናት።

3ኛ. ስለ ድልድዩ። ለቅስቀሳ የመጡ ጊዜ ወንዙ ዳር ቆመው የእንጨት መሻገሪያችንን በጫማዎ ነካ ነካ አድርገው «ይሄማ ለሰው አይሆንም» ብለው ነበር። እውነትዎን ነው። ከምርጫው በሁለተኛው ሳምንት ጎርፉ ጠርጎት ሄደ። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያ ልጄ ትሕትና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነበረባት። ተፈታኞቹን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው አውቶቡስ ከሾላ በር ሲነሣ፣ እሷ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ወዲህ ማዶ ቆማ ነበር። ጥሩምባውን ሰማነው። ዘልዬ ልግባ ስል እናቷ ሠርክአዲስ ወገቤን ጨምድዳ ያዘችኝ። አውቶቡሱ ዞሮ ሄደ። ልጅቷ አላለቀሰችም። እኔ እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ አለማልቀሷ ነው።

ዘንድሮ ደግማ ትቀመጣለች። በመካከሉ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮብኛል፣ ላንድ ባለ ብዙ መሬት ልጅ። «ፈተናዋን ትጨርስ» እያልኩ መለስኳቸው። በሦስተኛው አንዱ ሽማግሌ ሲወጡ ምን አሉኝ መሰለዎት፦ «ግድ የለም ሀይሉ፣ እንጠብቃለን፤ ወንዙ ከእኛ ወገን ነው።»

4ኛ. ስለ ሾላ በር። ምቀኝነት እንዳይመስልብኝ እንጂ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ድምፁ ተመራጭ ከሾላ በር አይጠፉም። ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ሬሳ ይሸከማሉ፣ በገበያ ቀን ከእህል ነጋዴ ጋር ጠላ ይጠጣሉ። የጤና ጣቢያው ጣሪያ ታደሰ፣ የውኃ ቦኖ ወጣ። ዶሮ ዘላ በምትሻገረው ቦይ ላይ ሳይቀር የሲሚንቶ ድልድይ ተሠራ። ግራ ቢገባኝ፣ ከቡሬ ጨርቅ እያመጣ በሁለቱም ማዶ የሚነግደውን ሚፍታህን ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «ጋሽ ሀይሉ፣ በረት የገባን ከብት ጨው እያሳየ የሚጠራ ሰው አይተው ያውቃሉ?» አለኝ። ትሕትናም ከጎኔ ሆና «አባዬ፣ እኛ እኮ ጨርሰን ሰጠናቸው» አለች። ይህን ለማወቅ ዐሥረኛ ክፍል አይበቃም ኖሯል።

5ኛ. ስለ ቢሮዎ። ፍኖተ ሰላም ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «መስክ ወጥተዋል» ተባልኩ። አላመንኩም ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። በሚያዝያ ወር ግን በዓይኔ አየሁዎት። ባልደረባዎን ሊያግዙ ሾላ በር መጥተው ወንዙ ዳር ቆመው ነበር። ሌሊቱን በጣለው ዝናብ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር እኛም በወዲህ ማዶ ተሰብስበን ጮኽን። እርስዎም ከማዶ እጅዎን አውለበለቡልን። ስለዚህ የቀበሌው ሕዝብ ምስጋናውን እንዳደርስለት አዞኛል። ከምርጫው ወዲህ ያገኘነው አገልግሎት እሱ ነው።

6ኛ. ስለ መውጫው። አስቤበታለሁ።
ሀ) ሌላ ሰው እንዳንመርጥ ገና አራት ዓመት ይቀራል።
ለ) የሾላ በሩን ተመራጭ ብንለምን «እናንተ የእኔ አይደላችሁም» ይላሉ፤ ለምነን ብለውናል።
ሐ) አገር ለቀን እንዳንሄድ መሬት ተጠቅልሎ አይታዘልም።
መ) በአደባባይ እንዳናማርር «በዘጠና ስምንት ከመቶ የመረጣችኋቸውን?» እንባላለን፤ መዝገቡም በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።
ሠ ላይ የምጽፈው አጣሁ።

ስለዚህ፣ ክቡርነትዎ፣ አልጠበቅሁዎትም። ባለፈው ማክሰኞ፣ ውኃው ገና ከጉልበት ሳያልፍ፣ ትሕትናን ይዤ ተሻገርኩ። ሾላ በር ወይዘሮ ንግሥቴ ከሚባሉ ባልቴት ቤት አስቀምጫት ተመለስኩ። ለፈተናዋ አውቶቡሱን ከዚያው ትሳፈራለች። የላኩብኝ ሽማግሌዎች አሁን ወንዙ የማን ወገን እንደሆነ ይወያዩበት። ነገር ግን በማግስቱ ዝናቡ ወንዙን ሞላው፤ ውኃው እስኪጎድል፣ እስከ ጥቅምት ድረስ፣ ቤቷ አትመጣም። እናቷ በየቀኑ ወንዙ ዳር ወርዳ ትቆማለች። ልጅቷ ከማዶ ትመጣለች፣ ውኃው ስለሚጮህ መነጋገር አይቻልም፣ ተያይተው ይመለሳሉ። ከእሷ በታች ሦስት ልጆች አሉኝ። ሁለተኛው ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ይጨርሳል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ያለው ማዶ ነው። እያንዳንዳቸውን በየተራ አሻግሬ እኔና ሠርክአዲስ ወዲህ የምንቀር ይመስለኛል።

ትሕትና ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ትምህርቷ ካልወሰዳት ለሚቀጥለው ምርጫ ካርዷን እዚያው ሾላ በር አወጣለሁ ብላኛለች። ከእርስዎ 1,291 ላይ አንድ ቢጎድል አይታወቅዎትም። እዚያ ግን ከዐሥራ ዘጠኝ ላይ አንድ ሰው ነች፤ ተመራጩ ወይዘሮ ንግሥቴ ቤት ድረስ መጥተው ስሟን ጠይቀዋታል።

ወንበርዎ እንደ ዋንዛ ሥር የጸና፣ እንቅልፍዎ እንደ ወንበርዎ የማይናወጥ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የማያሠጋዎት መራጭዎ፣
ሀይሉ ገነነ
ከዋንዛ ሜዳ፣ ከጥቁር ውኃ ወዲህ ማዶ
ግንቦት 19 ቀን

በድጋሚ የታሰበ፦ ዕድራችን ባለፈው እሑድ ተሰብስቦ፣ ለሚቀጥለው ምርጫ ግማሻችን እርስዎን፣ ግማሻችን ተፎካካሪዎን እንድንመርጥና እኛም በተራችን እንድንፈለግ ወስኗል። ማን የትኛው ጋ እንደሚሆን እንዳንጣላ ዕጣ ተጣለ፤ እያንዳንዱ ስንጥሩን፣ ጠጠሩን፣ የባቄላ ፍሬውን ባርኔጣ ውስጥ ከትቶ፣ ቀድሞ የወጣው ግማሽ ለእርስዎ ሆነ። ለእኔ የወጣልኝ እርስዎን መምረጥ ነው። የሚቀይረኝ ሰው እየፈለግሁ ነው፣ እስካሁን አልተገኘም።