የመደርደሪያው የኋላ ረድፍ

ውድ አባዬ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤ ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ፤ አንዱ ሰላምታ ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ሁለቱ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ሰው አሳበቡ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። አንተ ብትሆን ሁሉንም በየተራው ታስቀምጠው ነበር። እኔ እንደመጣልኝ ልጻፍ፣ አንተ አስተካክለህ አንብበው።

ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ንብረት ክፍል ውስጥ ሠርተህ ጡረታ ስትወጣ ንብረት ክፍሉን ይዘህብን ቤት ገባህ። ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል መደርደሪያ አስመትተህ ሩዙን፣ ፓስታውን፣ ባቄላውን፣ ዘይቱን፣ ሻማና ክብሪቱን፣ ውሃውን በጄሪካን ደረደርክ። በየዕቃው ፊት ካርድ አንጠለጠልክ፤ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ክፉ ቀን ቀጠሮ አይሰጥም ትለን ነበር። ጎረቤቱ “አባ መጋዘን” እያለ ሲስቅብህ አብረህ ትስቅ ነበር። ታላቋ ልጅህ እታለም ብቻ ነበረች የማትስቀው፤ ገና ያኔ፣ ይሄ ነገር ጤና አይደለም ትል ነበር።

እንግዲህ ልናገረው። ጎርፉ ከመምጣቱ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ተቀንሼ ነበር። አልነገርኩህም። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን አንግቤ እወጣና ሥራ ስፈልግ እውላለሁ። ባዶ እጄን መግባት ሲያሳፍረኝ ከመደርደሪያህ መውሰድ ጀመርኩ። አንተ ዘወትር የምታየው ካርዱን ነው፤ ዕቃውን ራሱን የምትቆጥረው እንደ መሥሪያ ቤትህ ልማድ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ያንን ስለማውቅ ከኋላ ከኋላው አነሣሁ። የፊቱን ረድፍ አልነካሁትም።

ዓይኔን በጨው አጥቤ የራስህን ፓስታ ቀቅዬ አቀረብኩልህ። አንድ ቀን ጎረስክና፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ እኔ የምገዛውን ዓይነት አገኘሽ ማለት ነው ብለህ መረቅከኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡብኝ፤ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ስንቁስ እውነት ነው፣ ቀለለ። ውሸቱ ግን እንዴት እንደከበደኝ ብታየው።

ከዚያ ጎርፉ ድልድዩን ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ሱቆቹ ባዶ ሆኑ፤ በአራተኛው ቀን እነዚያ ሲስቁብህ የኖሩ ጎረቤቶች ሳህንና ፌስታል ይዘው ግቢያችን ውስጥ ቆሙ። ንጹሕ ሸሚዝ ለበስክ። መነጽርህን አድርገህ፣ በተራ በተራ፣ ለሁሉም ይበቃል አልካቸው። ያኔ ለምን አላስቆምኩህም? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ።

የፊቱን ረድፍ ስታነሣ ግድግዳው ታየ። ካርዱን አየህ፤ መደርደሪያውን አየህ፤ ደግመህ ካርዱን አየህ። በሥራ ዘመንህ አንዲት መርፌ ጎድላብህ አታውቅም። እኔን ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም። የሚገድለኝ እሱ ነው፣ እኔን አለመጠርጠርህ።

“አውጥቼ ሳልጽፍ ቀርቼ ነው” አልክ፣ በጣም ቀስ ብለህ። ከዚያ ጄሪካኑ ላይ ተቀመጥክ። የተገኘውን ሕፃን ላላቸው ቤቶች አከፋፈልን፤ የቀሩት ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ወጡ።

እታለም ይህን ስትሰማ፣ አባዬ እየረሳ ነው፣ አንቺ ሥራ ስትውዪ ብቻውን ሊሆን አይገባም አለች። ወደ እኔ ዞራ አንቺስ አላስተዋልሽም ወይ ስትለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ለማለት ይሁን እንጃ ለማለት እስካሁን አላውቅም። እሷ ግን አዎ ብላ ወሰደችው። ሐኪሙ ዘንድ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ስትባል በትክክል መለስክ፤ ከዚያ “ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ እኔ ያልኩትን አትመኑ” ብለህ ጨመርክበት። ሐኪሙ ያንን ጻፈ። በሳምንቱ ሻንጣህን ይዘህ እታለም ቤት ገባህ።

ያለፈው እሑድ ልጠይቅህ ስመጣ ደግሞ በእናቴ ስም ጠራኸኝ። ግራ ገባኝ፣ አባዬ። ድሮም ስትቸኩል ስማችንን ታቀያይር ነበር፤ ወይስ አታቀያይርም ነበር? አሁንማ የራሴንም ትዝታ ማመን አቃተኝ። በእውነት እየረሳህ ነው ወይስ ረሳህ ስላልንህ ነው? ብናዘዝ ትድናለህ እላለሁ። ደግሞ መለስ እልና፣ እውነት ታመህ ከሆነስ የምናዘዘው ለማን ብዬ ነው እላለሁ። አንዳንዴማ እውነት ታመህ በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ እንዳይሆን። ይህን የመሰለ ሐሳብ በሆዴ ይዤ ነው እግርህ ሥር ተቀምጬ ጥፍርህን የቆረጥኩልህ። አፈርኩ።

ዛሬ ጠዋት ለእታለም ነገርኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደወለችና አለቀሰች። ቅዳሜ እመጣለሁ። ሦስታችንም ሐኪሙ ዘንድ እንሄዳለን፣ ለእሱም በአፌ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ይመርምርህ፤ ምን እንደሚል አላውቅም፣ እፈራለሁም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ቀን አልተሳሳትክም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ብትቆጣኝ ተቆጣኝ፣ ብትምረኝ እሰየው። ብትረሳው ግን ረስቶታል ብዬ አልተነፍስም። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ፣ አንተም እንደ አዲስ ትቆጣኛለህ። በረሳኸው ቁጥር እነግርሃለሁ።

ሌባዋ ልጅህ፣
ታናሿ