ጋሽ ሀቢሶና ቅጠል የተሳለበት ክሬም

ማራናታዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ ሆሳዕና ከተማ ቫዝሊን ተቀብተን እንወጣለን፤ ጆሃንስበርግ ግን የካናቢስ ቅጠል የተሳለበት የፊት ክሬም ይሸጣል! የወንድሜ ሚስት ኤርጎጌ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች የንግድ ሰፈር ባለው የመዋቢያ ሱቋ ደርድራዋለች። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ሀቢሶ ስዕሉ የካሳቫ ቅጠል መስሏቸው ሲቀቡት ከርመው ፊታቸው እንደ ሙሽራ አብርቷል።

ትናንት እሳቸው ሱቁ ውስጥ እያሉ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጣች። የክሬሙን ብልቃጥ አንስታ "ካናቢስ" ስትል ጋሽ ሀቢሶ ጉንጫቸውን በመሐረብ ይፈትጉ ጀመር።

"ኤርጎጌ! እኔን ሽማግሌውን ሐሺሽ ታስቀቢኛለሽ? ምዕመናኑ ምን ይሉኛል?"

ኤርጎጌን ላብ አጠመቃት። ተቆጣጣሪዋ ግን ነገሩ ሲተረጎምላት ሳቀች።

"አይዞዎት፣ ይኼ ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ ካናቢዲዮል ነው። አያሰክርም፤ ቅጠሉም ስዕል ብቻ ነው። ጥፋቱ ብልቃጡ ላይ 'ቁርጥማት ይፈውሳል' ተብሎ መጻፉ ነው፤ የመድኃኒት ፈቃድ የለውማ!" ብላ ክሬሙን ሁሉ ከመደርደሪያው አስወርዳ ወሰደችው።

ጋሽ ሀቢሶ እፎይ አሉ። ሴትየዋ ከበሩ እንደወጣች ግን ወደ ኤርጎጌ ጠጋ ብለው፣ "እንግዲህ ሐሺሽ ካልሆነ፣ እሷ ያላየችው አንድ ብልቃጥ አይጠፋሽም?" አሏት።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን እቀፊልኝ። ናፍቀሽኛል።

ፊቤ