ድልድያችንን አንሥተው ደረጃችንን ከፍ ላደረጉልን ክቡር ከንቲባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎም እንደ ከተማችን ደረጃ ከዓመት ዓመት ሽቅብ እንዲወጣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከወንዙ ወዲህ ባለው ሰፈር ፀጉር አስተካክዬ የማድር ሰው ነኝ። ከተማችን በተወዳዳሪነት መለኪያ ሌሎቹን ከተሞች ጥላ ወደ ፊት መምጣቷን በሬዲዮ የሰማሁት የአንድ ደንበኛዬን ጢም ስላጭ ነበር፤ ወሬው አንጀቴን ከማራሱ የተነሣ ምላጩን እንደያዝኩ ወደ ሬዲዮው ዞር ብዬ አገጩን ቧጨርኩት፤ እሱም ለከተማው እድገት ነው ብዬ ባስረዳው ቅር አላለውም። ምስጋናችን ተድበስብሶ እንዳይቀር በተራ በተራ ላቅርበው።

አንደኛ፣ የወንዙን ገደል የምንሻገርበትን የእግረኛ ድልድይ ስላስነሡልን እናመሰግናለን። ድልድዩ መዛጉን፣ መደገፊያውም በአንድ በኩል መገንጠሉን አንክድም፤ ይጠገንልን ብለን ደጅ ያልጠናነው ቢሮ የለም። ባለሙያዎችዎ ግን ከእኛ አርቀው አሰቡ። መለኪያው አደገኛ ድልድዮች ስንት እንደሆኑ ስለሚጠይቅ፣ ድልድይ የሌለው ሰፈር አደገኛ ድልድይም እንደማይኖረው ደረሱበት፤ በአንድ ቀን ነቅለውትም ሄዱ። እንዲህ ያለው መላ ለእንደኛ ዓይነቱ ተራ ሰው በሕልሙም አይመጣለትም።

ሁለተኛ፣ ከገደሉ ማዶ ያለውን ጤና ጣቢያ ስላቀረቡልን እናመሰግናለን። ለመለኪያው ቁጥር ሊሰበስቡ ከመጡት ለኪዎች አንዱ፣ አንደበቱ የታረመ ወጣት፣ ፀጉሩን ሊስተካከል መጥቶ በስልኩ ካርታ ላይ ከቤቴ እስከ ጤና ጣቢያው ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ፣ አባባ እርስዎ እኮ ደጃፉ ላይ ነዎት አለኝ። አልዋሸም፤ ደጄ ላይ ስቆም የነርሶቹ ነጭ ጋውን ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይታየኛል። ገደሉንስ ምን አደረጋችሁት ብዬ ብጠይቀው፣ ቅጻቸው ላይ ገደል የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ በትሕትና ነገረኝ። ጥፋቱ የእሱ አይደለምና አሳምሬ አስተካክዬ ሸኘሁት። ክንፍ ለሌለን ግን መንገዱ በድንጋይ ማውጫው በኩል ይዞራል፤ ባለ ታክሲዎቹም ያንን ኮረኮንች ሲሰሙ ስልካቸውን ይዘጋሉ።

ሦስተኛውን እንደ ላይኞቹ እያዋዛሁ ልጽፈው አልቻልኩም። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገብቷል። የመጀመሪያዋን ቤት ውስጥ ወልዳ ደሙ አልቆም ባላት ጊዜ፣ እኔና አማቼ በዚያ አደገኛ በተባለው ድልድይ ተሸክመን አሻገርናት። አዋላጇ ደሙን ካቆመች በኋላ፣ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብላ ጀመረችና ፊቴን ስታይ እጇን ልትታጠብ ዞረች። ያ ያልተጨረሰ ቃል ይኸው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ከንቲባ። ልጄ እኔን ለማጽናናት ትስቃለች፤ እኔም እሷን ለማጽናናት እስቃለሁ፤ ሁለታችንም የምናየው ግን ማዶውን ነው።

ረስቼው እንዳይቀር፣ በድልድዩ ቦታ ስላስተከሉልን ትልቅ ሰሌዳም ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። የድልድዩ ሁለት ረጃጅም ብረቶች የሰሌዳው ምሰሶ ሆነው መዋላቸው የቁጠባ ሰው መሆንዎን ያሳያል። ፈገግ ያለው ፎቶግራፍዎና ከሥሩ የተጻፈው ደረጃችን እስከ ጤና ጣቢያው መስኮት ድረስ ይነበባሉ። እኛ መሻገር ባንችል እንኳ እርስዎ ለታማሚዎቹ ይታያሉ።

በመለኪያው ላይ ነጥብ፣ በመንገዱ ላይ እግረኛ የሆንኩት፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ለቤተሰብዎ ቅርብ ሐኪም የምመኘው ፀጉር አስተካካይዎ፣ እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው ዛሬ ጠዋት ልጄን ምጥ ያዛት፤ የደወልንለት ታክሲም አልመጣም። ጎረቤቴ በያጁ ማንንም ሳያማክር የሰሌዳውን ምሰሶዎች ከሥራቸው ቆረጣቸው፤ የሰፈሩ ሰውም ሰሌዳውን በገመድ ይዞ ቀስ አድርጎ በገደሉ ላይ እስከ ማዶ አጋደመው። ብረቶቹ የድሮ ቦታቸውን አልረሱም፤ ልክክ አሉ። ክቡርነትዎ ፊትዎን ወደ ሰማይ አድርገው ፈገግ እንዳሉ ልጄን ተሸክመን በላይዎ አለፍን፤ ጫማ ለማውለቅ ፋታ ስላልነበረን ግንባርዎ ላይ ለቀረው ጭቃ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከተሾሙ ወዲህ ሲያሻግሩን የመጀመሪያዎ ነው። ይህን የምጽፈው ከማዋለጃው ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ ነው፤ እስካሁን ወጥቶ ያነጋገረኝ የለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፦ አደገኛ ድልድይ ዳግመኛ ስላለን ደረጃችን መውረዱ አይቀርምና፣ ልጄ ልጇን ታቅፋ እስክትመለስ ድረስ እባክዎ አያስለኩን።