የእትዬ አስታማሚ

ጥቅምት 4
እትዬን አጠብኳት፤ ጀርባዋን ቅባት ቀባሁ፤ በግራ ጎኗ አስተኛኋት። ግማሽ አካሏ ከከዳት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ገላዋን ሳጥብ ዛሬም ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት... ያኔ እሷ ስታጥበኝ አላፍርም ነበር።
ከዚያ ወደ ልብስ ስፌቴ። ትንሽ አረፈድኩ።

ጥቅምት 9
የደንበኛ ኮት ላይ ሁለት የግራ እጅጌ ገጠምኩ። ሃያ ዓመት ከመቀስ ጋር የኖርኩ ሰውዬ! ደንበኛው ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ። "ጌታው፣ ሁለት ግራ እጅ ያለኝ መሰለህ እንዴ?" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሰው ለእጅጌ ያለቅሳል?

ጥቅምት 12
ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ሹፌር ነው፤ ሁልጊዜ መንገድ ላይ።
"ጋሼ፣ እንዴት ናችሁ?"
"ደህና ነን።"
"የጎደለ ነገር አለ?"
"ኧረ ምንም።"
ለምን ዋሸሁት?

ጥቅምት 17
እንዴት ብዬ ልጻፈው...
ጠዋት ሾርባ ላጎርሳት ስል አፏን ገጠመች። ረፍዶብኛል። "እትዬ በሞቴ..." እምቢ። በደህናው እጇ ሳህኑን ገፋችው፤ ትናንት ያጠብኩት አንሶላ ላይ ተደፋ። ያንኑ እጇን አፈፍ አድርጌ ጨመቅኩት። "ምን አድርግ ነው የምትይኝ!" ጮህኩባት። አላለቀሰችም። አየችኝ ብቻ። ስለቃት የጣቶቼ ምልክት ቀርቷል።
ሥራ አልሄድኩም።

ጥቅምት 18
በየሳምንቱ የእትዬን የጀርባ ቁስል የምታጥበው ነርስ መጣች። የእትዬ እጅ ላይ ያለውን ምልክት አየች። ወድቃ ነው ልል አሰብኩ። "እኔ ነኝ" አልኳት።
አልተቆጣችም። "ተቀመጥ" ብላ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ አሰረች። ቁጥሩን አይታ ደግማ ለካች።
"አንተንስ ማን ነው የሚያስታምምህ?"
"እኔ ምን ሆኜ?"
"በዚህ ከቀጠልክ ሁለት አልጋ ነው የሚያስፈልገው። ይሄ የአንድ ሰው ሸክም አይደለም። ዛሬ ነገ ሳትል ለወንድምህ ንገረው።"

ጥቅምት 19
ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ የእጇንም ጭምር።
"ጋሼ... ደህና ነን ስትለኝ አምኜህ እኮ ነው።" ቀጥሎም፣ "ማመኑ ስለቀለለኝም ይሆናል።"

ጥቅምት 20
እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። ቃል በግማሽ ነው የሚወጣላት። ጉንጬን ዳበሰችና "ደክ... ደክሞ..." አለች። ደክሞሃል ማለቷ ነው። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ቆየሁ።

ኅዳር 6
ታናሼ አሁን ቅዳሜና እሑድ መኪናውን አቁሞ እኛ ጋ ነው። ዛሬ "ውጣ በቃ" ብሎ ከቤት አባረረኝ። የምሄድበት ጠፋኝ። አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ አለ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሹፌሩ ቀሰቀሰኝ።
ስመለስ እትዬ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ታናሼ የሹራቧን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፎላታል፤ ከላይ አንዱ ተርፏል። ፀጉሯንም ወደ አንድ ጎን ለጥፎታል። ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ።
ላስተካክል እጄን ሰደድኩ... ተውኩት። ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።