ቦዩ ሳይደፈን ያለፉት የመምህር ሰይፈ ኃይለልዑል የሕይወት ታሪክ

መምህር ሰይፈ ኃይለልዑል ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ኃይለልዑል መላኩና ከእናታቸው ከወ/ሮ አገሬ ሙላቱ በ1948 ዓ.ም. ጅጅጋ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው፣ ሐረር በመምህርነት ሠልጥነው፣ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በደገሀቡርና በጅጅጋ ለሠላሳ ስድስት ዓመታት ሒሳብ አስተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ አትጠገብ ከተማ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማው ታውኮ ሶማሌ ያልሆነው ነዋሪ በተጠቃበት ጊዜ ጎረቤታቸው ወ/ሮ ደሃቦ ራሺድ መምህርንና ባለቤታቸውን ሦስት ቀን በጓዳቸው ሸሸጓቸው። በራቸውን ላንኳኩት ሁሉ «እዚህ ከልጆቼ በቀር ማንም የለም» ብለው መለሱ። ዘመድ ከተማውን ለቆ ሲሄድ መምህር ግን ደሃቦ ካሉበት ሰፈር አልወጣም ብለው ቀሩ።

በ2014 ዓ.ም. በሰፈሩ የእግረኛ መንገድ እንዲሠራ ተወሰነ። ግማሹን ወጪ አስተዳደሩ፣ ግማሹን ባለይዞታው በደጃፉ ስፋት ልክ ሊሸፍን ነበር። ነዋሪው የሚያምነው መምህርን ነበርና የመዋጮውን ኮሚቴ እንዲመሩ መረጣቸው። ሜትር ይዘው በየደጃፉ ለኩ፤ ያመነታውን ሁሉ አሳመኑ። ወ/ሮ ደሃቦ የወተት ንግዳቸው ቀዝቅዞባቸው ነበር። ሆኖም «መዓሊን፣ አንተ ካልክ ይሠራል ማለት ነው» ብለው ሁለት ፍየል ሸጠው ከፈሉ። መዓሊን በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው።

ሥራ ተቋራጩ በየደጃፉ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ሄደ፤ አልተመለሰም። መምህር ዓመት ሙሉ ፋይል ታቅፈው በየቢሮው ተመላለሱ። «ነገ ይምጡ» ከመባል በቀር መልስ አላገኙም። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ወ/ሮ ደሃቦ ጎርፍ የሞላውን ቦይ ሲሻገሩ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከአርባ ቀን በኋላም ዐረፉ። በለቅሶው ላይ ልጃቸው ሂንዳ የመምህርን እጅ ይዛ «መዓሊን፣ አንተን የሚወቅስ የለም» አለቻቸው። መምህር ቤት ገብተው «ምነው በሰደበችኝ!» ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ከሕክምና በቀር ከግቢ አልወጡም። የቆየው የስኳር ሕመማቸው ኩላሊታቸውን ጎዳው፤ መድኃኒቱን የሚወስዱት እኛ ቤተሰባቸው ስንለምናቸው ብቻ ነበር። እንዲድኑ ስንጸልይ እሳቸው አብረውን አሜን አላሉም። ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ አትጠገብን፣ ልጆቻቸውን ሀብተየስን፣ ሩቲንና ይህን የጻፍኩትን እኔን ሄርሜላን፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። የተዋጣው ገንዘብ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። አስከሬናቸውም ከቤት የሚወጣው በዚያው ቦይ ላይ ሳንቃ ተጋድሞ ነው፤ የምትሸከሙ ወንድሞች እባካችሁ ተጠንቀቁ።

እግዚአብሔር በዚህ ዓለም ያጡትን ዕረፍት በእርሱ ዘንድ ይስጣቸው።