ክፍል ሁለት እና የዳክዬው ድምፅ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ውድ አባዬ፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት አጠገቤ ተቀምጧል። እንግዲህ ልበለውና ይውጣልኝ፤ ፊልምህን አልወደድኩትም።

በስልክ እንደማልነግርህ ታውቃለህ። አንተ "ጭጬ፣ አለሽ?" ትላለህ፣ እኔ እተነፍሳለሁ፣ ከዚያ እማዬ ስልኩን ትቀበለኛለች። ስጽፍ ግን ማንም አያቋርጠኝም። እጄ እንደ አፌ አይያዝም።

ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ አሁንም መጋረጃ ቤቱ ነው የምትሠራው፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ጠርዝ እሰፋለሁ። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው።

የሁለተኛው ፊልምህ ሲዲ የደረሰን ሰኞ ነው። እማዬ ደስ ብሏት ሥራ ቦታ ይዛው ሄደች። በምሳ ሰዓት መቀሶቹን አስቀምጠን፣ ጥቅል ጨርቁ ላይ ተደርድረን፣ ጥጉ ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ከፈትን። የመጀመሪያውን ፊልም እኮ እነዚህ ሴቶች በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ቆራጯ ጨርቅ ባበላሸች ቁጥር የአንተን "እኔ አይደለሁም፣ ግድግዳው ነው" ትላለች።

ሁለተኛው ላይ ግን የሳቀ የለም። ውሻው መነጽር አድርጎ መኪና ሲነዳ ቆራጯ ወደ እኔ ዞረች።

"እናንተ ቤት ውሻ አለ እንዴ?"

የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? አባትሽን ምን ነካው? ያኛው ላይ እኮ ሆዴን ይዤ ነበር የሳቅሁት።"

"ዝም ብለሽ እዪ" አለቻት እማዬ። "እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው።"

ሞቀ። መምህሩ የአንተ ልጅ ሆና የምትሠራውን ልጅ አንብቢ ይላታል። ትቆማለች፣ መጽሐፉን ትይዛለች፣ አፏን ስትከፍት የዳክዬ ድምፅ ይወጣል። አባዬ፣ የዳክዬ ድምፅ። እንደገና ትሞክራለች፤ ኳክ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መጋረጃ ቤቱም ፈረሰ። በዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ ሰው የሳቀው እዚያ ላይ ብቻ ነው። እማዬ አልሳቀችም። መርፌዋን እንደያዘች እኔን ታየኝ ነበር።

እኛ ቤት አንድ ሕግ ነበረን። ሁሉም የፈለገውን ያወራል፤ አንተም ከወሬው የፈለግከውን ለፊልም ትወስዳለህ። አንድ ሰው "የቤት ነው" ካለ ግን አይወጣም። ሰሚውም "የቤት ነው" ብሎ መመለስ አለበት። እማዬ የአለቃዋን መጋረጃ ገልብጣ መስፋቷን ስትነግርህ የቤት ነው አላለችም፤ ወሰድከው፣ እሷም ከሁላችን በላይ ሳቀችበት። አክስቴ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርሷና ስለ ሾርባው ስታወራ ግን "የቤት ነው" አለች። እሱ ቢገባ ኖሮ ከሁሉም የሚያስቀው እሱ ነበር። አላስገባኸውም። እኔ በዚያ ነው ያመንኩህ።

የእኔን የነገርኩህ ወጥ ቤት ነው። ድንች እየላጥክ ነበር። አንብቢ ስባል ድምፄ እንዴት እንደጠፋ፣ ልጆቹ በእኔ ፈንታ በአንድ ላይ እየጮኹ እንዴት እንዳነበቡልኝ፣ ለምን ወደ ትምህርት ቤት እንደማልመለስ ነገርኩህ። "የቤት ነው" አልኩህ። ቢላውን አስቀመጥክ። ዓይን ዓይኔን እያየህ "የቤት ነው" አልክ። ብለሃል።

ያም ሆኖ ዝም ልል ነበር። ዝም ማለት ሥራዬ ነው። ግን ፊልሙ ሲያልቅ "ተጨማሪዎች" የሚል ይመጣል። ማክሰኞ ብቻዬን ቤት ሆኜ ከፈትኩት። አንተ ቀይ ሶፋ ላይ ተቀምጠሃል። ጠያቂዋ የንባቡ ነገር ከየት እንደመጣ ስትጠይቅህ "ከልጄ" አልክ። "ስትነግረኝ ራሷ በሳቅ ነው የፈረሰችው።"

እኔ መቼ ሳቅሁ? እስቲ ንገረኝ። ፊልሙ መጥፎ ስለሆነ ብቻ ቢሆን ምንም አልልህም ነበር። ሰው መጥፎ መጋረጃም ይሰፋል፤ ተርትሮ እንደገና ይሰፋዋል። የእኔን ሳቅ ግን ከየት አመጣኸው? ውሻውን ካመጣህበት ነው? ትናንት ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሰፈር ልጆች ከኋላዬ "ኳክ" አሉኝ። እነሱም ተጨማሪዎቹን አይተዋል ማለት ነው። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ የተበላሹት ቀረጻዎች አሉ። ሁሉም ይሳሳታል፣ ሁሉም ይስቃል። አንዱ ላይ ልጅቷን ከትምህርት ቤቱ በር ልትወስዳት መጥተህ "ነይ እንሂድ፣ ዳክዬ" ማለት ነበረብህ። "ነይ እንሂድ፣ ጭጬ" አልክ። እዚያ የነበሩት በሙሉ ሳቁ። አንተ አልሳቅህም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀብለህ፣ ማንገቻውን እያሻሸህ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። በኋላ በማይሰማ ድምፅ "እንደገና" አልክ።

እሱን መላልሼ አይቼዋለሁ። ድምፄ የጠፋ ቀን የእኔንም ቦርሳ ከክፍል ያመጣህልኝ አንተ ነህ። ምንም ሳትጠይቀኝ እስከ ቤት ድረስ ተሸከምክልኝ። ስለዚህ ረስተህ አይደለም። እያወቅክ ነው ያደረግከው። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እሱ ነው።

ነገ ጠዋት የፊልሙ ሰዎች ይመጣሉ። ሦስተኛውን እዚሁ ቤታችን ውስጥ ሊቀርጹ እንደሆነ፣ አንተም እሺ እንዳልካቸው ለእማዬ ደውለው ነግረዋታል። ክፍሎቹን ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ አሉ። እማዬ "አባትሽ ካለ ምን አደርጋለሁ" ብላ ወለሉን አጠበች። ሥራ ስለምትገባ ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ።

"ከፍተሽላቸው ወጥ ቤት ግቢ" አለችኝ። "ማናገር የለብሽም።"

"እሷ ያናገረች ቀንማ ሶፋውም ይናገራል" አለች አክስቴ።

"እምቢ ብልስ?" አልኳት እማዬን።

የወለሉን ጨርቅ ጨመቀችና "ቁልፉ አንቺ ጋ ነው" አለች።

እንግዲህ ጤናህን ይስጥህ፤ ከክፉ ይጠብቅህ። በብርድ በቀጭን ሸሚዝ አትቀረጽ። ፊልሙ ላይ ስታስል ሰው ቀልድ መስሎታል፤ እኔ ግን ሳልህን አውቀዋለሁ። ያለ ካሜራ ከመጣህ በሩ ያው የምታውቀው በር ነው፤ ከታች በእግር ገፋ ካላደረግከው አይከፈትም።

ነገ ወጥ ቤት አልገባም። ሜትራቸውን ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ ቆሜ "የቤት ነው" እላቸዋለሁ። ካልገባቸው አንተን ይጠይቁህ። ድምፄ ቶሎ አልወጣ ካለኝም ይጠብቃሉ፤ እስኪወጣ ድረስ ከበሩ አልነሳም።

ልጅህ
ጭጬ