ለኢልዛ የተተከለው ድንኳን

ቢቸና፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኩርፊያ ለማይሰለችሽ ለእህቴ ልጅ ለሃና፣
ሞጣ

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ እናትሽም ደኅና ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት፣ ከዚህ የመጣ ሰው «እናንተ ቤት ድንኳን ተተክሎ አየሁ» ቢልሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ድንኳኑ እውነት ነው። የሞተ ዘመድ ግን የለም። የሞተችውን ከእኔ በፊት የምታውቂያት አንቺ ነሽ፤ ኢልዛ ናት፣ የጠፈር መርከቧ መሐንዲስ።

አሁን ሳቂና ከሥሩ ልንገርሽ።

በነሐሴ፣ በጾሙ መካከል፣ እናትሽ የመጽሐፎችሽን ሽፋን አይታ የሆነችውን አትረሺውም። እኔ አልፈርድባትም። የጠፈር ልብስ የለበሰ ሬሳ አፍጥጦ እያያት «እማ፣ ከጌም ተወስዶ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው» ቢሏት እንዴት ትጽናና? እሷ «ይህን ነገር ከቤቴ አውጪ» አለች፣ አንቺ «እኔም አብሬው እወጣለሁ» አልሽ። በሩ ላይ እንደተፋጠጣችሁ ቀራችሁ። ከዚያ የሞጣው የፋርማሲ ሥራ ደረሰልሽና ሄድሽ። እስከ ዛሬ አንቺ ለእኔ ደውለሽ «እማ እንዴት ናት?» ትያለሽ፤ እሷ እኔን ጠርታ «ያቺ ልጅ እንዴት ናት?» ትላለች። እኔ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነበርኩ፤ እናንተ የስልክ እንጨት አደረጋችሁኝ።

መጽሐፎቹን ግን አልጣለቻቸውም። ሁለቱን ጓዳ ውስጥ ከጤፉ ጆንያ ኋላ አገኘኋቸው። ሦስተኛው አንቺ ጋ ነው።

በጥቅምት መብራት ጠፍቶ ሥራዬ ቆሞ ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ እሷ ጥጥ ስትፈትል እኔ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ፤ ከሬዲዮ ማኑዋልና ከአሮጌ መዝገበ ቃላት የለቀምኩት ነው። ስለ ሽቦና ስለ ባትሪ ከሆነ እንደ ውኃ ይፈስልኛል፤ ስለ ፍቅር ከሆነ ይደናቀፍብኛል። ደግነቱ ኢልዛ መሐንዲስ ናት።

አንድ ቦታ ስደርስ ደንግጬ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። እናትሽ እንዝርቷን ያዝ አደረገችና፣

«ምን ነካህ?» አለች።

«ምንም። አንዲት ልጅ ናት፤ ሥራ ብላ ሩቅ ሄዳ ብቻዋን ቀርታለች።»

«እናት የላትም?»

«አለቻት። አይገናኙም።»

እንዝርቷን እንደገና አሾረች። «ማንበብህ ካልቀረ ጮክ ብለህ አንብበው። ብቻህን ስትዘል እብድ ትመስላለህ።»

«አይገናኙም» የምትለዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት። ደራሲዋ ሰው ከሆነች ይቅር ትለኛለች።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ብዘገይ ልጅ መላክ ጀመረች። ያ ሻጋታ፣ የመርከበኞቹን ሬሳ የሚያስነሳው፣ የሰው ድምፅ እየሰረቀ በሬዲዮ ሲጣራ ታስታውሺያለሽ? በእናቷ ድምፅ «ኢልዛ፣ በሩን ክፈቺልኝ» ሲላት እኔ መጽሐፉን ከደንኩት። እናትሽ ግን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «አትክፈቺ!» አለቻት። «እናቷ አይደለችም! እናት ልጇን እንዲህ በደረቁ አትጠራም!» ገጹን ብገልጠው እውነትም ሻጋታው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ሊቅ ናት፣ እኔ አንባቢዋ።

ጌሙ ምን እንደሚመስልም ጠየቀችኝ። አንቺ ባሳየሽኝ መሠረት አስረዳኋት፦ ኢልዛ ብትሞት መጨረሻ ካለፍሽበት በር እንደገና ትጀምሪያለሽ፤ በመጽሐፉ ግን የሞተች ሞተች። «እንዲያ ከሆነ ጌሙ ይሻላል» አለች፤ ያቺው የነሐሴዋ እናትሽ!

ባለፈው ማክሰኞ ሁለተኛውን መጽሐፍ ጨረስን። ኢልዛ ሌሎቹ እንዲያመልጡ በሩን በራሷ ላይ ዘጋች፤ አየሯ አለቀ፤ መጽሐፉም እዚያው አለቀ። ቀና ብል እናትሽ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋለች። «ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች።

ታውቂያለሽ፣ የዚያን ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ፣ የሞጣ መንገድም ተዘግቶ ነበር። ሰው ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ ወሬ እየፈራ ነው የከረመው። አሰጋሽ ከአጥሩ ማዶ ጩኸቱን ሰማች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ሃናን! ሃናን!» እያለች ገባች። ከኋላዋ ሠፈሩ ገባ። እኔ አፌን ሳልከፍት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ወልደ ሰንበት ድንኳኑን አስተከሉ።

«አቶ ወልደ ሰንበት፣ የሞተችው ሃና አይደለችም፤ ኢልዛ ናት!»

«ኢልዛ ማን ናት?»

«መሐንዲስ ናት፤ መርከብ ላይ...»

«የትኛው ባሕር ላይ?»

«ባሕር አይደለም፣ ሰማይ ላይ ነው።»

እጄን ያዝ አደረጉና ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «ውኃ ስጡት፤ ድንጋጤው አናቱ ላይ ወጥቶበታል» አሉ።

ኋላ እናትሽ ራሷ ተነሥታ፣ «ልጄ ደኅና ናት፤ የመጽሐፍ ሰው ናት የሞተችው» አለች። እኔ የሚሰድቡን መስሎኝ ነበር። አቶ ወልደ ሰንበት ግን የድንኳኑን ምሰሶ ነቅነቅ አድርገው አዩና፣ «እንግዲህ ቆሟል» አሉ። «ምን ዓይነት አሟሟት ቢሆን ነው ሴትዮዋን እንዲህ ያደረጋት? ከመጀመሪያው አንብብልን።» ሃና ሙች፣ የለቅሶውን ንፍሮ እየበሉ ግማሽ መጽሐፍ አስነበቡኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አሰጋሽ ሻጋታ የያዘው እንጀራ አልነካም ብላለች ይሉኛል።

ድንኳኑ ሲነቀል እናትሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ አሁንም አልደረቀም።

«በስሟ ሲያለቅሱ ሰማሁ እኮ» አለችኝ። «እውነት ቢሆን ኖሮ፣ መጨረሻ የነገርኳት ነገር ‹ከቤቴ አውጪ› ነበር።»

ጎንበስ ብዬ የድንኳኑን ካስማ መልቀም ጀመርኩ። እኔ! አስቢው።

ቆየት ብላ፣ «ገላው፣ ጌሙ ከበሩ እንደገና ይጀመራል አላልከኝም?» አለች።

«ብያለሁ፣ እታለም።»

«በል እሺ» አለችና ገባች። ለሃና አትንገር ብላ አስምላኛለች። እኔም አልነገርኩሽም፤ ጻፍኩልሽ እንጂ።

አሁን መንገዱ ተከፍቷል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሹፌሩ ስጦታው ነው፤ ቅዳሜ ይመለሳል። ሦስተኛውን መጽሐፍ በእሱ እጅ እንዳትልኪው። ይዘሽው ነይ። ኢልዛ ትትረፍ አትትረፍ አትንገሪኝ፤ እናትሽ «ያቺ ደራሲ ጨካኝ ካልሆነች ወደ ቤቷ ትመልሳታለች» ብላ ተስፋ አድርጋለች። እኔ ስለ ሽቦው አነባለሁ፤ ስለ ፍቅሩ ያለውን አንቺ ታነቢያለሽ። ደግሞ ሁለቱን መጽሐፎች ሬሳው እንዳይታይ ብላ በጨርቅ ለብጣቸዋለች። ጨርቁን ታውቂዋለሽ፤ የሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርምሽ ነው። ሦስተኛ ልባጥ ሰፍታ አጠገባቸው አኑራለች፣ ባዶውን። እንደምትመጪ ስለማውቅ ቅዳሜ ሱቄን አልከፍትም።

የቢቸናው ጊዮርጊስ ይጠብቅሽ፤ የስጦታውን መኪና ጎማም አብሮ ይጠብቅ።

ነገረኛው አጎትሽ፣
ገላው

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እናትሽ ለስጦታው በሶ የተቋጠረበት ጨርቅ ስትሰጠው ሰማሁ። «ለሃንዬ አድርስልኝ» ነው ያለችው። በደረቁ አልጠራችሽም። እንግዲህ ሻጋታው አይደለም፤ እናትሽ ናት። ክፈቺላት።